አንድ ሁለት መለኪያ

አማርኛን ከሌላ ቋንቋ ተነሥቶ ለሚማር ሰው «መርጋት» የሚለው ግስ የሚያስገርም ቃል ነው። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ የተቆጣ ሰው ሲረጋ ይመሰገናል፤ «የረጋ ሰው ነው» የተባለ ሹም ባለጉዳዮች ቢመላለሱበት እንኳ አያማርሩበትም። በትግርኛም ቃሉ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ እርጎውን ርግኦ እንለዋለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አማርኛ ያስተማሩን መምህር ሁለቱን ቃላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው፣ «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ወደ ሌላው ግማሽ መንገድ ሄዷል» ይሉን ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ከወተትና ከጠባይ አልፎ በደም ላይ በዋለ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ያወቅነው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአጎታችን ግራ እግር ነው።

አጎታችን የእናታችን ታናሽ ወንድም ናቸው። በትግርኛ የእናት ወንድም ኣኮ፣ የአባት ወንድም ሓወቦ ይባላል፤ አማርኛ ግን ሁለቱንም አጎት በሚለው አንድ ስም ይጠቀልላቸዋል። በዚህ በኩል የእኛው ቋንቋ ይበልጣል ብንል አንባብያን እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን። ኣኮ በዓዲግራት ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ፣ ጽሕፈታቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። በእጃቸው ገብቶ የጠፋ ደብዳቤ የለም ይባልላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፉበት ሥራ ስላጡ፣ ከሰፈራቸው ብዙ በማትርቅ በአንዲት አረቄ ቤት ጥግ ይዘው መቀመጥን ለመዱ። ሲወጡ አይንገዳገዱም፤ አይሳደቡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም። ስለዚህ ከዘመድ ወገን ሰካራም ያላቸው ማንም አልነበረም። እኛ ሰካራም የሚለውን ቃል በቦይ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው ብቻ አስቀምጠነው ስለ ነበር፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ በሩን ራሱ ከፍቶ፣ ራቱን በልቶ የሚተኛ ሰው በመጠጥ ሊጐዳ ይችላል ብለን አላሰብንም።

በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ታናሽ እኅታችን አዲስ አበባ ላይ ስትዳር ኣኮ ለሠርጉ መጡ። ከመቀሌ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣና ከመሸ በኋላ ይደርሳል። ከጕዞው በፊት በነበረው ምሽት ወዳጆቻቸው ሸኝተዋቸው እንደ ነበር በኋላ ተረዳን፤ «ሸኝተዋቸው» ስንል በምን እንደ ሆነ አንባቢ አያጣውም። በመንገድም ሳሉ ውሃ አልጠጡም። ዕድሜው የገፋና የተከበረ ሰው በየሰዓቱ «አቁምልኝ» እያለ ሾፌሩን መለመን ያፍራልና፣ ብዙዎቹ መንገደኞች እንደሚያደርጉት እሳቸውም ጥማቸውን ችለው፣ እግራቸውን በፊተኛው ወንበር ሥር አጥፈው ዋሉ። ደርሰው እኛ ቤት በገቡ ጊዜ የድካም መድኃኒት ተብሎ የቀረበላቸው ውሃ አልነበረም። የቀዳነውም እኛው ነን።

ሠርጉ እንደ ሠርግ ሁሉ ደስ የሚል ስለ ነበር ብዙ አንጽፍበትም። ኣኮ መረቁ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጡ፤ ጠጁም አረቄውም በፊታቸው አልተቋረጠም። በአራተኛው ቀን ጧት ጫማ ሲያደርጉ የግራው አልገባ አለ። ብናየው ባታቸው አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሯል፤ ሲዳስሱትም ይሞቃል። ቀኙ እግር ደህና ነበር። ባለቤታችን ወለምታ ነው አለች፤ ጎረቤታችን ነፋስ ነው አሉ፤ እኛ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በአውቶቡሱ ላይ ጣልነው። ከሰዓት በኋላ ወጌሻ ተጠርቶ መጣና ባታቸውን በቅቤ እያሸ ብዙ ደከመ። ወጌሻው በሙያው የተመሰገነ ሰው ነው፤ የተሰበረ አጥንትና የዞረ ቍርጭምጭሚት ሲያቃና አይተነዋል። ያን ዕለት ግን ያስጠራነው ለእርሱ ሙያ ላልሆነ ነገር ነበር። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ባቱን ሲያም ደም ረግቶበት ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ያለውንም እግር ማሸት የረጋውን ደም ከተጣበቀበት አላቆ ሊሰደው እንደሚችል የሰማነው ከአንድ ቀን በኋላ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ኣኮ ቀሰቀሱን። በአልጋው ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ አየር አነሰኝ» አሉ። በረዥሙ ሊተነፍሱ ሲሞክሩ በጐናቸው እንደ ጩቤ ይወጋቸዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ታክሲ አግኝተን ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም በትግርኛ ስለ ነበርና ለእናታችን የተላከ ስለ ነበር እዚህ አንጽፈውም። በሆስፒታሉ በአልትራሳውንድና በሌላም መሣሪያ ከታዩ በኋላ ነገሩ ተገለጠ። በግራ እግራቸው ጥልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ኖሮ፣ ከእርሱ የተቈረጠ ክፍል በልብ በኩል አልፎ ወደ ሳንባ የሚሄደውን የደም መንገድ በከፊል ዘግቶታል።

አሁን ወደምናፍርበት ነገር ደረስን። ወጣቱ ሐኪም የሕመምተኛውን ካርድ በእጁ ይዞ ስለ ቀድሞ ሕመማቸው፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጕዞው ጠየቀ፤ ከዚያም «አባባ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?» አላቸው። ኣኮ የኦክስጅን ጭንብል አድርገው ስለ ነበር በዓይናቸው ወደ እኛ አመለከቱ። እኛም ፈጠን ብለን፣ «ለበዓል ያህል ነው፣ ዶክተር፤ እሱም ቢሆን አንድ ሁለት መለኪያ ቢሆን ነው» አልን። ሐኪሙ አንዲት ቃል ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ለምን እንዲህ አልን? በአጠገባችን ነርስ ቆማ ነበር፤ በሚቀጥለው አልጋ ላይም ከአገራችን የመጣ አንድ ሰው ተኝቶ ነበር። አማርኛን የሚማሩ ሰዎች ይሉኝታ የሚለውን ቃል በቋንቋቸው የሚተካከለው እያጡ ሲቸገሩ አይተናል፤ እኛ በዚያች ደቂቃ ያደረግነውን ቢያዩ ኖሮ መዝገበ ቃላት ባላስፈለጋቸውም ነበር። የአጎታችንን ስም ለመጠበቅ ብለን ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋለጥን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እኛ በመሥሪያ ቤታችን ቅጹን በትክክል ያልሞላውን ባለጉዳይ «ሙሉ ቃልህን ስጥ» ብለን ከመስኮት የምንመልስ ሰዎች መሆናችን ነው።

መጠጥ ከደም መርጋት ጋር ምን እንዳገናኘው የተረዳነው ቀስ በቀስ ነው። ሐኪሞች የዚህ ሕመም ነገር ሲነሣ ከ1821 እስከ 1902 እ.ኤ.አ. የኖረውን ጀርመናዊውን ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆን ሳይጠቅሱ አያልፉም። በሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙ ጊዜ እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከሌላ ስፍራ፣ ይልቁንም ከእግር ደም ሥር ተነሥቶ የመጣ መሆኑን ያሳየ እሱ ነው። በስሙ የሚጠራውም ትምህርት ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች በሦስት ይከፍላቸዋል፤ የደሙ ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥሩ ግድግዳ መጐዳትና የደሙ የራሱ ጠባይ መለወጥ ናቸው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣው ባታችን በተንቀሳቀሰ ቍጥር ደም ሥሮቹን እየጨመቀ ስለሚገፋው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ የተቀመጠ ሰው ባት አይሠራም። ጠጥቶ እንደ ግንድ የተኛ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ጤነኛ ሰው በእንቅልፉ ይገላበጣል፤ የሰከረ ሰው ግን አንዱን እግር ከሥሩ አጥፎ እስኪነጋ ሊቈይ ይችላል።

በዚህ ላይ የውሃው ጉዳይ አለ። ኩላሊት ውሃን እንዲቈጥብ ከአንጎል የሚላክለት ትእዛዝ አለ፤ አልኮል ይህን ትእዛዝ ያፍነዋል። በእኛ አነጋገር ደብዳቤው ከበላይ ወጥቶ በመዝገብ ቤት ተኝቶ ይቀራል ማለት ነው። ኩላሊትም ትእዛዝ ስላልደረሰው ውሃውን ያለ ቍጥብነት ይለቃል፤ የጠጣም ሰው የጠጣውን ያህል ፈሳሽ በሰውነቱ ውስጥ ያለ እየመሰለው ይደርቃል። ሌሊቱን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ በሙቀት የተጓዘ ሰው ደሙ ወፍሮ እንደሚደርስ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

ጕበትም አለ። ደምን የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹን የሚሠራው ጕበት ነው፤ ደም ከሚገባው በላይ እንዳይረጋ የሚከለክሉትንም የሚሠራው ይኸው ጕበት ነው። ለብዙ ዓመት በመጠጥ የተጐዳ ጕበት ሁለቱንም እያጐደለ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሚዛኑ ቀላል ስለሚሆን በትንሽ ነገር ወዲህም ወዲያም ይወድቃል፤ ዛሬ ደም ይፈስሰዋል፤ ነገ ደግሞ ወደ ጕበቱ በሚገባው ዋና ደም ሥር ውስጥ ይረጋበታል። ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎችም በመጠጡ ጊዜ ይዳከሙና፣ ብዙ የጠጣው ሰው ባቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዝተውና ተባብረው ይነሣሉ።

ጥቂት መጠጣት የእግር ደም ያረጋል ብለን ግን አንጽፍም፤ ጥናቶቹ በዚህ ላይ አንድ ቃል አይናገሩምና። የሚያሰጋው ብዛቱና አጠጣጡ ነው። ይህን ስንል ደግሞ ጥቂቱን እንደ መድኃኒት የሚያወድሱ ሰዎች ደስ እንዳይላቸው፣ የዓለም የጤና ድርጅት በጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አያሰጋም የሚባል የመጠጥ መጠን እንደሌለ መግለጹን እናስታውሳቸዋለን።

ወደ ኣኮ እንመለስ። በመጀመሪያ ሄፓሪን የሚባለውን መርፌ፣ ቀጥሎም ዋርፋሪን የሚባለውን ክኒን ጀመሩ። የዋርፋሪን ታሪክ ራሱን የቻለ ወግ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ሜዳዎች የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ጥቂት ሲቈስሉ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ሊንክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ምክንያቱን ከድርቆሹ ለይቶ አወጣ፤ ከዚያ ሥራ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 እ.ኤ.አ. የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በልብ ሕመም በተያዙ ጊዜ ወሰዱት። ይህን ለኣኮ ስናነብላቸው በጣም ሳቁ። «አይጥ ሆኜ ቀረሁ በሉኛ!» አሉ።

ከሆስፒታል ወጥተው እኛ ቤት ተቀመጡ። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ከቀትር በኋላ «እግሬን ላፍታታ» እያሉ መውጣት ጀመሩ። ወዴት እንደሚሄዱ አውቀናል፤ አልጠየቅንም። አንድ ቀን ባለቤታችን ደፍራ ብትናገራቸው ኣኮ እንደ መዝገብ ቤት ሹም ጉዳዩን አንቀጽ በአንቀጽ አስረዷት። «ሐኪሙ የሰጠኝ ደም ማቅጠኛ ነው፤ አይደለም? አረቄም ደም ያቀጥናል፤ ይህን አባቶቻችን ያውቁታል። ታዲያ ሁለቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ምን ያጣላቸዋል?» አሉ። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ሰዎች ለዚህ መልስ አጣን፤ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደኅና ክርክር መስሎን ነበር።

መልሱን የሰጠን ደማቸው ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በየጊዜው ይመረመራል፤ ውጤቱ አይ ኤን አር በሚባል ቍጥር ይጻፋል፤ እንደ ኣኮ ላለው ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። የእሳቸው ቍጥር ግን አንድ ጊዜ 1.4፣ ሌላ ጊዜ 4 ከምናምን እየሆነ አላርፍ አለ። ወጣቱ ሐኪም የክኒኑን መጠን አንዴ ይጨምራል፤ አንዴ ይቀንሳል። ሐኪሙ የሚያውቀው «አልፎ አልፎ» የሚጠጣ ሰው መሆናቸውን ስለ ነበር፣ ምክንያቱን በምግብ ውስጥ ይፈልግ ጀመር። በዚያው ሰሞን ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለ ነበር ጐመን ይበላሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደ ጐመን ያለ ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ የሚባለው ስላለበት የዋርፋሪንን ኀይል ይቀንሳል፤ በጾም ወራት ጐመን በድንገት የሚያበዛ፣ በፋሲካ ደግሞ በድንገት የሚተው ሰው ቍጥሩ ይዛባበታል። ጐመን አትብሉ ማለት ሳይሆን መጠኑን አትለዋውጡ ማለት ነው። ይህ እውነትና ጠቃሚ ምክር ነው። እኛም ምስኪኑን ጐመን እንደ ወንጀለኛ ይዘን ስንከስሰው ሰነበትን፤ እውነተኛው ወንጀለኛ በየማታው በኣኮ ኮት ውስጥ እየሸተተ ይገባ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ጧት አፍንጫቸው ደማ፤ እስከ ረፋድ አልቆመም። ድዳቸውም ደማ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቍሮ እንደ ነበር ለሦስት ቀን ደብቀውን ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ቍጥሩ ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ።

ያን ዕለት የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ከእኛ የማትበልጥ ሴት ናት። ደሙ እንዲቆም የሚያስፈልገውን ካደረገች በኋላ እኛን ለብቻችን ወደ መተላለፊያው ጠራችን። «ይጠጣሉ?» ብላ አልጠየቀችም። «ትናንት የጠጡት ስንት ነው?» አለች። በጥያቄው አቀራረብ ውስጥ ለይሉኝታ የሚሆን ቀዳዳ አልነበረም። «ምናልባት ሰባት፣ ስምንት መለኪያ» አልን። ድምፃችን የሌላ ሰው መሰለን። እሷም አልተቆጣችም። ከኪሷ አዲስ ስሪንጅ አውጥታ ሰጠችንና፣ «መለኪያይቱን በዚህ ለኩልኝ፤ ምን ያህል እንደምትይዝ ሳላውቅ ስምንት ቢሉኝ ምን ይጠቅመኛል?» አለች።

በዚያው ማታ ወደ አረቄ ቤቷ ሄደን መለኪያውን በውሃ ሞልተን በስሪንጁ ለካነው፤ 50 ሚሊ ሊትር ያዘ። የቤቷ እመቤት ከመንግሥት የተላክን ተቈጣጣሪ መስለናት በጣም ደንግጣ ነበር። የምትሸጠውም ዳግም የሚባለው፣ ሁለት ጊዜ የተነጠረው አረቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ከመቶ 45 ያህል አልኮል ሊኖረው ይችላል። ሐኪሟ በወረቀት ላይ አስልታ አሳየችን። በአንዲት መለኪያ ውስጥ 18 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። በአንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው 13 ግራም ያህል ነው። ስምንት መለኪያ ከ140 ግራም ያልፋል፤ ይህም አሥራ አንድ ጠርሙስ ቢራ መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ የጠጣውን ሰው ከብዙ ጠጪዎች ይቈጥረዋል። አጎታችን በጸጥታና በጨዋነት ከዚያ በእጥፍ አልፈው በየቀኑ ይጠጡ ነበር። የቢራ ጠርሙስ ቢያንስ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በላዩ ተጽፎበታል፤ መለኪያ ግን ስሟ መለኪያ ይሁን እንጂ ምንም አትለካም።

ለኣኮም ክርክር መልስ ተገኘለት። ዋርፋሪንን ከሰውነት የሚያስወግደው ጕበት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ አልኮል ሲመጣበት ጕበት በእርሱ ተጠምዶ መድኃኒቱን ይረሳዋል፤ መድኃኒቱም በደም ውስጥ ተከማችቶ ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። በየቀኑና ለረዥም ጊዜ ሲጠጣ ግን ጕበት መድኃኒቱን በጥድፊያ ማስወገድን ይለምዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክኒኑ ኀይሉን ያጣል፤ ደሙም ተመልሶ ሊረጋ ይችላል። ሐኪሟ ይህን ሁሉ ስታስረዳ ኣኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። በመጨረሻም፣ «ስለዚህ ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል» አሉ። እሷም «እንደዚያ ነው፣ አባቴ» አለች።

እኛ በዚያው ማታ ገንዘባቸውን ወስደን፣ በራቸውን ቈልፈን መጠጡን ለማስጣል አስበን ነበር። ሐኪሟ ይህን በሰማች ጊዜ ነው የተቆጣችን። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊይዘው፣ አንዳንዴም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በሆስፒታል አስተኝታ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 እየሰጠች በቍጥጥር አስቆመቻቸው። በሁለተኛው ሌሊት ኣኮ በግድግዳው ላይ ደብዳቤዎች ሲደረደሩ አየን እያሉ፣ የቍጥራቸውን ቅደም ተከተል ጮኸው ያነቡ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጠን «አዎን፣ ተመዝግቧል» እያልን መለስንላቸው።

በዚያው ሰሞን ልባቸውንም መረመረች፤ ምቱ ሥርዓቱን ጠብቆ ስለ ተገኘ ደስ አላት። ምክንያቱን ብንጠይቃት፣ ብዙ መጠጣት የልብን ምት እንደሚያዛባ፣ ይህንንም በ1978 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ኤቲንገር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከበዓላት በኋላ በሚመጡ ሕመምተኞች ላይ አይተው «የበዓል ልብ» ብለው እንደ ሰየሙት ነገረችን። ምቱ የተዛባ ልብ በላይኛው ክፍሉ ውስጥ ደሙ ይቋጠርና ይረጋል፤ ከዚያም ቍራጩ ወደ አንጎል ቢሄድ ፊት ይጣመማል፤ እጅ ይዝላል፤ አንደበት ይያዛል። ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በኋላ «ሰው ዓይን በላው» እየተባለ የሚነገረውን ስንቱን እንደምናስታውስ አንባቢ ራሱ ያስብ።

ኣኮ ክኒኑን ስድስት ወር ወስደው ጨረሱ። ቍጥሩ መጠጡ በቆመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ረግቶ 2.5 ላይ ተቀመጠ፤ «ረግቶ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ በበጎ ትርጉሙ ስንሰማው የዚያን ዕለት ነው። ዓዲግራት አልተመለሱም፤ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። የግራ እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ብዙ ሲቆሙ ያብጣል፤ ማታ ማታ ይከብዳቸዋል፤ እስከ ጕልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ የላስቲክ ካልሲ ያደርጋሉ። ካልሲውን ማውለቅ ከባድ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የምንጐትተው እኛ ነን።

በ2010 ዓ.ም. የእኅታችን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ሲነሣ አብረን ሄድን። አንድ የአማቾቻችን ወገን፣ ደስ የሚል ሰው፣ ጠርሙስ ይዞ እየዞረ ሲቀዳ ኣኮ ዘንድ ደረሰ። ኣኮ መዳፋቸውን በመለኪያው ላይ ጫኑ። ሰውየው «አባታችን፣ አንድ ሁለት መለኪያ ምን ያደርጋል!» አለ። ኣኮ ከመነጽራቸው በላይ አይተውት፣ «የትኛው መለኪያ? ስንት የሚይዘው?» አሉ። ሰውየው ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀና ጠርሙሱን ወደ እኛ አዞረ።